ከሸዋ ሮቢት የመጣው ዋንዛ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት ይድረቅ?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የቤተሰብ መሬት ላይ የነበረ ትልቅ ዋንዛ በነሐሴ ንፋስ ወደቀ። ጥቅምት ላይ በሞተር መጋዝ አሰንጥቀን ጣውላ አወጣንለት። አብዛኛው 3 ሳንቲ ውፍረት አለው፣ ጥቂቱ 5 ሳንቲ ነው። ደብረ ብርሃን አምጥቼ ከቤቴ ጀርባ ግድግዳ ላይ አስደግፌዋለሁ። የምግብ ጠረጴዛ፣ ቡፌና የመኝታ ቤት በር ላሠራበት አስቤያለሁ። አንዱ አናጢ ሦስት ዓመት ሳይቆይ እንዳትነካው አለኝ። ሌላው ፀሐይ ላይ ዘርጋው፣ በሁለት ወር ክው ይላል አለኝ። ጫፍ ጫፉ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። ከግቢዬ የቆረጥኩት ትንሽ የባህር ዛፍ ጣውላም አለ። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። ይልቅ ይህን ማንበብ ከመጨረስህ በፊት ሰው ጥራና ጣውላውን ከግድግዳው ላይ አንሳው። ተደግፎ የቆመ እርጥብ ጣውላ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። የጎበጠ ሆኖ ከደረቀ ደግሞ እንደጎበጠ ይቀራል፣ በመላጊያ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ግድግዳውን የነካው ፊት አየር አያገኝም፣ ውጪ ያለው ፊት ግን ቀን በፀሐይ ሌሊት በብርድ ይመታል። አንዱ ጎን ሲደርቅ ሌላው እርጥብ ሆኖ ይቀራል። መጣመም የሚባለው ነገር የሚጀምረው እዚያ ነው። ለጊዜው መሬት ላይ ሞራሌ ደርድረህ በጀርባው አስተኛው። ቀሪውን ቀስ ብለን እንሄድበታለን።

እርጥብ እንጨት ውስጥ ውሃ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ በእንጨቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ እንዲሁ የተጠራቀመው ነው። ይሄኛው ቶሎ ይወጣል፣ ሲወጣም ጣውላው ይቀላል እንጂ ቅርጹ እምብዛም አይለወጥም። ሁለተኛው በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ የታሰረው ነው። የእርጥበቱ መጠን ወደ 30 በመቶ ገደማ ሲወርድ የመጀመሪያው ያልቅና ሁለተኛው መውጣት ይጀምራል። እንጨት የሚያጥረው፣ ማለትም የሚኮማተረው፣ የሚሰነጠቀው፣ የሚጣመመው ከዚህ በኋላ ነው። ጫፉ የተሰነጠቀውም ጫፉ ከ30 በታች ወርዶ መሃሉ ገና ውሃ ስለያዘ ነው። ጫፉ ማጠር ይፈልጋል፣ መሃሉ አይፈቅድለትም፣ ስለዚህ ይቀደዳል።

በመቶ ስል ከደረቁ ክብደት አንጻር ነው። ፍጹም ሲደርቅ 1 ኪሎ የሚመዝን እንጨት 1.3 ኪሎ ከመዘነ፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል፣ ብታይ አትደንግጥ።

አሁን ዋናው ነገር። እንጨት ደርቆ የሚያልቅበት ቀን የለውም። ካለበት አየር ጋር እኩል እስኪሆን ይደርቃል፣ ከዚያ አየሩ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ የሆነበት ቦታ ለብዙ ጊዜ የተቀመጠ እንጨት 9 በመቶ ገደማ ላይ ያርፋል። አየሩ 65 ሲሆን 12 ገደማ፣ 80 ሲሆን 16 ገደማ፣ 90 ሲሆን ደግሞ 20 ይደርሳል። ስለዚህ «ስንት ዓመት?» ብለህ ከመጠየቅ «በየትኛው ወር? በየትኛው ቤት?» ብለህ ብትጠይቅ ይሻልሃል። ሐምሌና ነሐሴ ደብረ ብርሃን ጉሙ ከደጅ አልነሳ ሲል፣ ሦስት ዓመት የቆየ ጣውላም ውጪ ካለ ተመልሶ ውሃ ይጠጣል። ሦስት ዓመት ያለህ አናጢ ስንፍና አላስተማረህም፣ ልምዱ ነው። ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ ነሐሴ ላይ ከዳስ ወጥቶ ወዲያው ጠረጴዛ የሆነ እንጨት፣ ጥር ላይ መጋጠሚያው ሲከፈት አይተህ ታውቅ ይሆናል።

ሌላው የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው፣ ክረምታቸው በረዶ ከሆነ አገሮች የመጣ ግምት ነው። እኛ ዘንድ የሚሠራው ለጠንካራና ለከባድ እንጨት ነው። ዋንዛ ግን ቀላልና የዋህ እንጨት ነው። ማጠሩ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በአግባቡ ከያዙት አያስቸግርም። ለቤት ዕቃ የሚወደደውም፣ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚቦረቦርበትም በነገር ነው። ዋንዛን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ነው።

ፀሐይ ላይ ዘርጋው ያለህ ሰውዬ ግን ጣውላህን ሊያስጨርስህ ነው። የደጋ ፀሐይ ታውቀዋለህ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ቆዳ ይልጣል። ወፍራም የተቆረጠ ቋንጣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ላዩ ድርቅ ብሎ ውስጡ እንደሚከረፋው፣ እርጥብ ጣውላም ላዩ ደርቆ ይዘጋል፣ ውስጡ ውሃውን ይዞ ይቀራል። ላዩ በተወጠረበት ሁኔታ ስለሚደርቅ ሰፋ ብሎ ይረጋል። በኋላ ውስጡ ሲያጥር ላዩ አልከተልም ይላል። ያኔ ስንጥቁ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ከውጪ ምንም አይታይም። አናጢው መሃሉን በመጋዝ ሲከፍለው ነው ሁለቱ ግማሾች ተጣመው መጋዙን ነክሰው የሚይዙት።

ወደ ድርድሩ እንምጣ። ጊዜህን ሁሉ እዚህ ላይ ብታጠፋ አይቆጭህም።

ቦታው ከቤቱ ጀርባ ይሁን፣ ችግር የለም። ግን ጥላ ይኑረው፣ ንፋስ ይለፍበት። ብሎኬት ደርድርና በላዩ ሞራሌ አጋድም። ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ከፍ ይበል። የደብረ ብርሃን ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይይዛል፣ ስለዚህ ከስሩ ላስቲክ አንጥፍበት ወይም ጠጠር አፍስስበት። ሞራሌዎቹን በውሃ ልክ አስተካክል። ይሄን ቀላል ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል። ግን መሠረቱ ከጠመመ ከላይ ያለው ጣውላ ሁሉ ያንኑ ጥመት ይዞ ይደርቃል።

ከዚያ ጣውላ በጣውላ ላይ አይነካካም። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ይገባል። 2 ወይም 2.5 ሳንቲ በአራቱም ጎን፣ ሁሉም እኩል ውፍረት ያለው፣ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ጣውላውን ያሻግተዋል፣ ሲላግም የማይለቅ ጥቁር መስመር ይጥልበታል። በየ40 ሳንቲው አንድ አንድ አድርግ። 5 ሳንቲው ለብቻው ከተደረደረ በየ60 ቢሆንም ያስኬዳል። ሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ያሉት በተቻለ መጠን ከጣውላው ጫፍ ጋር እኩል ይሁኑ። እና ልብ በል፣ የታችኛው ረድፍ ላይ ያለው ቀጭን እንጨትና የላይኛው ረድፍ ላይ ያለው አንዱ ካንዱ በላይ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ከስራቸውም ሞራሌ ይኑር። ፈቀቅ ብለው ከተቀመጡ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ጣውላ መሃሉን ይጫነዋል፣ በስድስት ወር ውስጥ እንደ ማዕበል ያደርገዋል።

የሞተር መጋዝ ጣውላ አንዱ ጫፉ 3፣ ሌላው ጫፉ 3.5 መሆኑ አይቀርም። በአንድ ረድፍ ላይ ውፍረቱ የሚመሳሰለውን አስተኛ። ወፍራምና ቀጭን ከተደባለቀ ቀጭኑ ሳይያዝ ልቅ ሆኖ ይቀራል፣ የሚጣመመውም እሱ ነው። 5 ሳንቲውን ከታች አድርገው። ከግንዱ መሃል የወጣውን፣ እምብርቱ የሚታይበትን ጣውላ፣ ከሁሉ በላይ ወይም ለብቻው አስቀምጥ። እሱ መሰንጠቁ አይቀርም። እምብርቱን መሃል ለመሃል ሰንጥቀህ አውጥተህ ሁለት ጠባብ ጣውላ ብታደርገው ይሻላል። ለጠረጴዛው እግር ይሆንሃል።

በላዩ ክብደት ጫን። ብሎኬት፣ ድንጋይ፣ የአሮጌ ሞተር ጎማ ውስጡ አፈር ሞልተህ፣ ያገኘኸውን። ከዚያ ቆርቆሮ አልብሰው። ቆርቆሮው በየጎኑ 40 እና 50 ሳንቲ አልፎ ይውጣ፣ ከጣውላው ጋርም አይነካካ። በሸራ ወይም በላስቲክ ዙሪያውን እንዳትጠቀልለው። ላስቲክ ስር ያለ እርጥብ ዋንዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻጋታ ይለብሳል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ አየር ያጣ እንጨት ሁሉ እጣው ይሄው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ የበጋው ንፋስ አለ። ህዳርና ታህሣሥ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ውርጭ፣ ንፋሱ አያባራም። ለደረቀ ጣውላ ጥሩ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ግን ይበዛበታል። ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ጆንያ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተህ ጋርደው። ላስቲክ አላልኩህም፣ የሚተነፍስ ነገር ነው ያልኩህ። ጥር ላይ አውልቀው። ያኔ ላዩ ረግቶ ይቆይሃል፣ ንፋሱም ሥራውን ይሥራ።

ስለ ጫፉ። እንጨት በጫፉ በኩል ከፊቱ ይልቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ውሃ ይተፋል፣ ቀዳዳዎቹ የሚከፈቱት እዚያ ነውና። መድኃኒቱ መድፈን ነው። ግንዱ በመጋዝ በተሰነጠቀ በቀኑ ወይም በማግስቱ ቢደፈን ጥሩ ነበር። አሁንም ግን አልረፈደም። የተሰነጠቀውን ጫፍ ስንጥቁ እስኪጠፋ ድረስ ቁረጥና ወዲያው ድፈነው። ቅልጥ ያለ ሻማ በብሩሽ ትቀባለህ፣ ወይም የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርበህ። የቤት ግድግዳ የውሃ ቀለም ደካማ ነው፣ ከምንም ይሻላል እንጂ አልመክርህም። የተረፈ አንቲሩጅኔ ካለህ እሱም ይሆናል። ፊቱን አትቀባ፣ ጫፉን ብቻ።

አሁን ሚዛን። «ደርቋል» የሚለውን ነገር በጆሮ በማንኳኳት፣ በምላስ በመቅመስ የሚያውቁ ሽማግሌ አናጢዎች አሉ። አከብራቸዋለሁ። አንተ ግን ሚዛን ይዘህ ብትሠራ ይሻልሃል፣ ለዚህ ደግሞ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም።

ከመካከለኞቹ አንድ ጣውላ ምረጥ። ከጫፉ 40 ሳንቲ ያህል ገባ ብለህ በወርዱ በኩል 2.5 ሳንቲ የምትሆን ቁራጭ አውጣ። ወዲያው፣ ሳትውል፣ በኩሽና ሚዛን መዝናት። እንበል 130 ግራም ሆነች። በእርሳስ ላይዋ ላይ ጻፍ። ከዚያ የዳቦ መጋገሪያ ኦቭን 103 ዲግሪ ላይ አድርገህ አስገባት። ምጣድ ላይ አታድርጋት፣ ትከስላለች፣ ክብደቷም አይታመንም። በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣህ መዝን። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያው ክብደት ሲሆን ደርቃለች ማለት ነው። እንበል 80 ግራም ላይ ቆመች። 50 ግራም ውሃ ወጣ። 50 ለ80 ሲካፈል 62.5 በመቶ። የጣውላህ እርጥበት ይሄ ነው።

ጣውላው ራሱስ? ቁራጩ የወጣበትን አዲሱን ጫፍ ድፈንና በዚያው ቀን ሙሉ ጣውላውን መዝን። የእህል ነጋዴ ጎረቤት አይጠፋህም። 10.8 ኪሎ ቢሆን፣ ለ1.625 አካፍለው። 6.65 ኪሎ። ጣውላው ፍጹም ቢደርቅ የሚመዝነው ይሄን ነው። እንግዲህ ሂሳቡን አንድ ጊዜ ሠርተህ ጣውላው ላይ ጻፈው። 20 በመቶ ሲደርስ 8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 15 ሲደርስ 7.65። 12 ሲደርስ 7.45። ይህን ጣውላ በቀላሉ ስቦ የሚወጣበት ቦታ አድርገህ ከድርድሩ ጋር መልሰው። በየሁለት ሳምንቱ አውጥተህ መዝነህ ቀኑንና ኪሎውን እዚያው ላዩ ላይ ጻፍ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፣ በኋላ ይዘገያል። በሁለት ምዝገባ መሃል ምንም ካልወረደ፣ እንጨቱ ከውጪው አየር ጋር እኩል ሆኗል። ከዚያ በላይ ውጪ ብታቆየው የምታገኘው ነገር የለም፣ ዓመትም ቢሆን።

የ5 ሳንቲውንም አንድ ለብቻው እንዲሁ አድርግለት። ውፍረት ሲጨምር የማድረቂያው ጊዜ ከውፍረቱ በላይ ነው የሚጨምረው።

ጊዜውን ግምት ስጠኝ ካልከኝ፣ 3 ሳንቲው ዋንዛ ከህዳር ጀምሮ በዚህ አኳኋን ከተያዘ፣ ግንቦት ላይ 14 ወይም 15 በመቶ አካባቢ ይደርሳል ብዬ እጠብቃለሁ። መሃል ላይ በልግ ከገባ ትንሽ ይጓተታል። ሸዋ ሮቢት ላይ ትተኸው ቢሆን ኖሮ ፈጥኖ ይደርቅ ነበር። ከደብረ ብርሃን በ1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ግን እዚያ ምስጡ አለ፣ ጠባቂም ይፈልጋል። ደጋው ቀስ ብሎ ማድረቁ ላንተ ይጠቅምሃል እንጂ አይጎዳህም።

ዋናው ነገር ሰኔ ሳይገባ ከውጪ አንሳው። ክረምቱን ዳስ ስር አያሳልፍ። ቤት ውስጥ፣ ዕቃው ወደፊት የሚኖርበት ክፍል ወይም እሱን የሚመስል ክፍል ውስጥ፣ እንደዚያው ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ ደርድረው። ከአልጋ ስር ብታደርገውም ያው ነው፣ ሚስትህ ከፈቀደች። እዚያ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ሰው የሚኖርበት፣ ምግብ የሚበስልበት፣ ሌሊት ተዘግቶ የሚታደርበት ቤት ከውጪው ይልቅ ደረቅ ነው። 11 ወይም 12 በመቶ ለደብረ ብርሃን ቤት ጥሩ ግብ ነው። ከዚያ በታች ብታወርደውም ክረምት ላይ ተመልሶ ይጠጣል፣ ልፋቱ ለምን? 5 ሳንቲውን ግን ለሁለተኛው በጋ ተወው። መስከረም ላይ መልሰህ አውጣው።

ማድረቂያ ምድጃ ያለው እንጨት ቤት አዲስ አበባ ብታገኝ፣ ክረምት ላይ ለመሥራት ቸኩለህ ከሆነ ይጠቅምሃል። ግን መጀመሪያ ውጪ ወደ 20 በመቶ አውርደህ ውሰድለት። ዋጋውም ይቀንስልሃል፣ እንጨቱም አይጎዳም። በፕላስቲክ ቤት የሚሠራ የፀሐይ ማድረቂያም አለ፣ ለደጋ ፀሐይ የተመቸ ነገር ነው። ለአንድ ዛፍ ብሎ መሥራት ግን እኔ አልመክርም። የጭስ ቤት ጣሪያ ስር መስቀልስ? ገበሬው ሞፈሩንና ቀንበሩን እንደዚያ ያደርቃል፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ለጠረጴዛ ግን ጥላሸቱ ውስጥ ገብቶ አሸዋ ወረቀት ይጨርስብሃል።

ነቀዝ ካልን አይቀር። ዋንዛ ሁለት ዓይነት እንጨት አለው። መሃሉ ቡናማው፣ ዳሩ ነጣ ያለው። ነጩ ውስጥ ስታርች ስላለ ቅንቅን ይወደዋል። ጣውላው ስር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካየህ ገብቷል ማለት ነው። ነጩን ለሚታይ ሥራ አትጠቀምበት፣ ሲላግ አስወግደው። ማስቀረት ካለብህ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ አሟሙተህ ገና እርጥብ ሳለ ቀባው፣ ውስጡ ይሰርጋል። ጓንት አድርግ። አንዴ ከገባበት ደግሞ የሚገድለው ሙቀት ነው። የጣውላው መሃል 56 ዲግሪ ደርሶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ እንቁላሉም ይሞታል። ፀሐይ ላይ በማስጣት እዚያ አይደረስም።

ሳልረሳው፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ እንዳገኙ የሚቆረጡ ዛፎች አይደሉም። ያንተው ወድቆ ነው፣ ጥሩ። ግን ከቀበሌና ከወረዳ ግብርና የተጻፈልህ ወረቀት ካለ አትጣለው። አናጢው ቤት ስትወስደውም፣ ዕቃውን ወደ ሌላ ከተማ ስትጭነውም ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ባህር ዛፉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለጠረጴዛ ፊት አትድከምበት። ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነጭ ባህር ዛፍ ነው። ከባድ ነው፣ ያጥራል፣ ይጣመማል። ከቀጭን ግንድ የወጣ ከሆነ ደግሞ ገና መጋዙ ሲያልፍ ሁለት ወገን ሆኖ ሲታጠፍ አይተኸዋል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውስጡ የተከማቸ ውጥረት ነው ሲለቀቅ የሚያጥፈው። ሌላ አመልም አለው። ገና ውሃ እንደሞላ በፍጥነት ከደረቀ ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች ይጨማደዳሉ፣ ፊቱም ቦይ ቦይ ይሆናል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ የዛፉ አገር፣ በእንፋሎት ሙቀት እየዘፈዘፉ ይመልሱታል። እኔና አንተ ያን አናደርግም። ከዋንዛው ጋር አትደባልቀው። በጣም ጥላ ባለበት፣ ንፋስ በማይመታበት ቦታ፣ ጫፉን ደፍነህ፣ ከባድ ክብደት ጭነህ ዓመትና ከዚያ በላይ ተወው። ቀጥ ብሎ የወጣውን ለአልጋ እግርና ለመደርደሪያ ድጋፍ ተጠቀምበት። የቀረው ለማገዶ አሪፍ ነው።

ዕቃውን ስታሠራ። ጠረጴዛውን ከአንድ ሰፊ ጣውላ አትመኝ። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ስፋት ያላቸውን በኮላ አጋጥም። እንጨት በስፋቱ እንጂ በቁመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ለብዙ እንጨት 90 ሳንቲ ስፋት ያለው ፊት፣ እርጥበቱ 4 በመቶ ሲለዋወጥ ወደ 7 ሚሊ ሊሰፋና ሊጠብ ይችላል። ዋንዛ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ስለዚህ አናጢህ የጠረጴዛውን ፊት ከስሩ ካለው ክፈፍ ጋር በኮላና በሚስማር ድርግም አድርጎ እንዳይዘው። ስክሩ (ጥርስ ያለው ብሎን) የሚገባበት ቀዳዳ ረዘም ይበል፣ ፊቱ እንዲንሸራተት። አንዳንዱ አናጢ ይሄ ሲነገረው ይቀየማል። አንተ ጠበቅ በል።

ጣውላውን አናጢው ጋር ወስዶ በዚያው ቀን መላግም አይሆንም። እሱ ቤት ሁለት ሳምንት ይደር። መጀመሪያ ከሁለቱም ፊት እኩል እኩል ይላግ፣ ጥቂት ሚሊ ተርፎት። ሌላ ሁለት ቀን ቆይቶ እንደገና ይታይ። ውስጡ ውጥረት ካለ ያኔ ይታጠፋል፣ ለማስተካከያም ትርፍ አለህ። 3 ሳንቲው ተስተካክሎ ሲያልቅ 2.3 ወይም 2.5 ቢሆን ደስ ይበልህ።

ለቡፌው ዋንዛው ለክፈፉና ለበሮቹ ይሁን፣ ጀርባውን ኮምፔንሳቶ አድርገው። ሁሉን ነገር ሙሉ እንጨት ካላደረግሁ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። የመኝታ ቤቱን በር ደግሞ ክፈፉን ሠርቶ መሃሉ ላይ የሚገባውን ፓኔል በቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ ይተወው። በየጎኑ 3 ሚሊ ክፍት ይኑረው። ፓኔሉን ከመግጠሙ በፊት ቫርኒሽ ይቀባው፣ ካልሆነ ጥር ላይ ሲያጥር ዳር ዳሩ ላይ ያልተቀባ ነጭ መስመር ይወጣል። ቫርኒሹ የሚታየው ፊት ላይ ብቻ አይደለም። ከጠረጴዛው ስርም፣ ከበሩ ላይኛና ታችኛ ጠርዝም ይቀባ። አንድ ፊቱ ተቀብቶ ሌላው ራቁቱን የቀረ ጣውላ በራቁቱ በኩል ውሃ ይጠጣል፣ ይተፋል፣ ይጎብጣል። የበሩን ታችኛ ጠርዝ የሚቀባ አናጢ ጥቂት ስለሆነ፣ በሩ ማጠፊያው ላይ ከመሰቀሉ በፊት ራስህ ገልብጠህ እየው።